ቴሌቪዥኑን የሚቀድሙት ጋሼ እንዳለው

በየትኛውም የአገራችን ከተማ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ሻይ ቤት ሁሉ፣ ቴሌቪዥኑን የሚቀድም አንድ ሰው አይጠፋም። የዚህ ሰው መቀመጫ አይለወጥም፤ ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ጀርባውን በሚደግፍለት ቦታ ላይ ነው። ጠያቂዋ አፏን ስትከፍት እሱ መልሱን ጨርሷል። ተወዳዳሪው ግንባሩን ሲያሻሽ እሱ ሻዩን በንቀት ያማስላል። ተወዳዳሪው ሲሳሳት ደግሞ ዞር ብሎ እያንዳንዳችንን ያየናል፤ አገሪቱ በማን እጅ እንደወደቀች እንድንመሰክርለት።

የእናንተን ከተማ ሰው አላውቀውም። የቆቦው ግን ክቡር ጋሼ እንዳለው ናቸው፤ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጡ ፕሮፌሰር፣ ሹመቱ ያልደረሳቸው የዕውቀት ሚኒስትር፣ የኸይረዲን ሻይ ቤት የበላይ ጠባቂ። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት ነው። «ስልሳ ሁለት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር» ብለው ያርሙኛል። ይህን ሲያነቡም እንደሚያርሙኝ አውቄ ነው የጻፍኩት።

ጋሼ እንዳለውን አዲስ ነገር መንገር አይቻልም። የምትነግሯቸው ሁሉ «ይህማ የታወቀ ነው!» ነው። የከብት ሐኪሙ የበሬያቸውን በሽታ ሲነግራቸው፣ የታወቀ ነው። ለአንድ የባጃጅ ሾፌር ባለ ሦስት እግር ነገር መታጠፊያ ላይ ለምን እንደሚገለበጥ ከጎብዬ እስከ ቆቦ አስረድተውት፣ ሾፌሩ ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸውን ሲጭን በእግሩ ከሚሄድ ሰው እኩል ነው የሚነዳው። ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ካላንደሩ ከመታተሙ በፊት ይነግሩናል። ረመዳን ሊገባ ሲልም ስለ ጨረቃዋ ለኸይረዲን ገለጻ ይሰጣሉ።

«ጋሼ እንዳለው፣ እሷን እንኳ ለኛ ይተዉልን» ይላቸዋል ኸይረዲን።

«ጨረቃ የሁሉም ናት» ይላሉ፤ ገለጻውም ይቀጥላል።

ሲሳሳቱስ? ተሳስተው አያውቁም። አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው ይሳሳታል።

ሰው ሲናገር ማቋረጥ ልማዳቸው ነው። የጀመራችሁትን ዓረፍተ ነገር እሳቸው ይጨርሱላችኋል፤ ብዙውን ጊዜ እናንተ ካሰባችሁት በተሻለ። አንድ የማያቋርጡት ነገር ግን አለ፤ ሰላምታ። ሰላምታ ላይ ጋሼ እንዳለው ሌላ ሰው ናቸው። ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ መልሱንም ጸጥ ብለው እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። «ሰውየው ደህና መሆኑን ሳታውቅ ጉዳይህን የምትነግረው ለማን ነው?» ይላሉ።

ይህን ሕግ ያስተማሩን ሻይ ቤት አይደለም። ጋሼ እንዳለው የቀበሌያችንን ንባብ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። ንባብ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ክፍል፣ አራት መደርደሪያ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሙቀቱ ሲበረታ የሚከፈት አንድ መስኮት። አንዱ በሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ የታሪኩ መጽሐፍ አለ?» ካለ፣ ጋሼ እንዳለው ቀና ብለው በመነጽራቸው አናት ያዩትና በጣታቸው ወደ በሩ ያመለክታሉ። መውጣት ነው። ከደጅ ቆሞ፣ ትንፋሽ ሰብስቦ፣ እንደገና መግባት ነው። «እንደምን ዋሉ?» ብሎ መጀመር፣ የተጠየቀውን ሁሉ መመለስ፣ መልሶም መጠየቅ ነው። መጽሐፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዛሬዎቹ የቆቦ መምህራን፣ ነርሶችና ነጋዴዎች አብዛኞቹ በዚያች ጠባብ በር ሁለት ሦስት ጊዜ የገቡና የወጡ ናቸው።

እኔም አንዱ ነኝ። አባቴ ሲያርፍ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። በቀን ሱሪ አሳጥራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ንባብ ቤት እገባለሁ። ጋሼ እንዳለው ያልጨረስኩትን ትምህርት መጽሐፍ በመጽሐፍ እየሰፈሩ ሰጡኝ። ፊደሉን ትምህርት ቤት አስቆጥሮኛል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን የእሳቸው ነው። ይህን ጽሑፍ ጥሩ ሆኖ ካገኛችሁት እሳቸውን አመስግኑልኝ፤ መጥፎ ከሆነም ጥፋቱ የኔ ነው።

ከእሳቸው ጋር ያጣላን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ስለ ሰማይ አካላት የሚያወራ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ተውሼ ሳልመልስ ቀረሁ። ክፋት አልነበረብኝም። አንድ ቀን ከስፌት መኪናው አጠገብ እያነበብኩት የመኪናው ዘይት አንድ ገጽ ላይ ተንጠባጠበበት፤ አፈርኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ነገ አጸዳዋለሁ ስል ዓመቱ ሄደ። ጋሼ እንዳለው መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ ሰላምታው ሲያልቅ፣ «ሰማዬን መልስልኝ» ይሉኛል። «አልጨረስኩትም ጋሼ» እላለሁ። «አሥር ዓመት? ሰማዩ እኮ ያንን ያህል ትልቅ አይደለም!»

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ተሰደን ስንመለስ ንባብ ቤቱ ግድግዳው ብቻ ቆሞ ጠበቀን። መጽሐፎቹን ማን ወሰዳቸው፣ ማን አነደዳቸው፣ ለምን አንድም አልተረፈም ብለን አልመረመርንም፤ ነፍሳችን በመትረፏ አምላክን አመሰገንን። ጋሼ እንዳለው ግን በዚያ ባዶ ክፍል መካከል ለረጅም ጊዜ ቆመው እንደነበር አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሰማዬን መልስልኝ» ብለውኝ አያውቁም። የኔም ቤት ስለተዘረፈ አብሮ የጠፋ መስሏቸው ነበር። የስፌት መኪናው ተሰብሮ፣ መሳቢያው ግን ተቆልፎ ነበር የጠበቀኝ፤ መጽሐፉም ውስጡ። ላስረክባቸው ብዙ ጊዜ አስቤ፣ አንድ ዘይት የጠጣ መጽሐፍ ይዤ ባዶ ቤት ፊት ልቆም አልደፈርኩም። ንባብ ቤቱ መጽሐፍ ያገኘ ቀን እመልሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ጋሼ እንዳለው ሥራቸውን ወደ ኸይረዲን ሻይ ቤት ያዛወሩት ያን ጊዜ ነው። የሚያውሱት መጽሐፍ ስላልነበራቸው በጭንቅላታቸው ያለውን ያለ ልክ ማደል ጀመሩ። እሑድ ከሰዓት አንድ ጣቢያ በቀጥታ የሚያስተላልፈው የጥያቄና መልስ ውድድር አለ። ከዚህ ውድድር አንድም መልስ ከተወዳዳሪው አፍ ሰምተን አናውቅም። ኸይረዲን አንድ እሑድ ድምፁን አጠፋው። ጋሼ እንዳለው ጥያቄውን ከስክሪኑ ላይ እያነበቡ መለሱ።

መድኃኒቱን ያገኘችው ዚነት ናት፤ የኸይረዲን ባለቤት፣ የሻይ ቤቱ እውነተኛ አዛዥ። ሳታማክራቸው በስልኳ የተወዳዳሪ ምዝገባ መልእክት ላከችላቸው።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አላት ኸይረዲን።

«ወይ እዚያ ሄደው ይመልሱ፣ ወይ እዚህ ቁጭ ብለው ይስሙ። እኔ አላህ በሰጠኝ ጆሮ አንድ እሑድ እንኳ መጠቀም አለብኝ።»

ጥሪው መጣ። ጋሼ እንዳለው ሲነገራቸው ምን እንዳሉ ገምታችኋል። የታወቀ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ነጭ ጃኬታቸውን ለብሰው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ጃኬቱን ያጠበብኩት እኔ ነኝ። እሑድ ከሰዓት ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ፣ የኸይረዲን ሳምቡሳ ውድድሩ ሳይጀምር አልቆ ነበር። አቅራቢዋ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጀመረች። «በአፍሪካ በስፋቱ አንደኛ የሆነው...» ከማለቷ ጋሼ እንዳለው ቁልፉን ተጫኑ።

«ሐይቅ ከሆነ ቪክቶሪያ፣ በረሃ ከሆነ ሰሃራ፣ አገር ከሆነ አልጄሪያ።»

አቅራቢዋ ወደ ዳኞቹ ዞረች። ዳኞቹ ተማከሩ። ጥያቄው በረሃ ነበር፤ መልሱም በመልሳቸው ውስጥ ነበር፤ ነጥቡ ተሰጣቸው። የኸይረዲን ሻይ ቤት ጣራ ቆርቆሮ ስለሆነ ጩኸታችን ጎረቤት ከተማ ዋጃ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

አሸነፉ። በሳምንቱም አሸነፉ። በሦስተኛው ሳምንት የናይጄሪያን ዋና ከተማ ተጠይቀው «አቡጃ» አሉና፣ «ቀድሞ ሌጎስ ስለነበር የሚሳሳቱ አሉ፤ አትፍረዱባቸው» ብለው ለተሸናፊው ይቅርታ ጠየቁለት። በአምስተኛው ሳምንት አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ፣ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ አዲስ አበባ ገቡ። ያን እሑድ ተፎካካሪያቸው ዓይኑን ሲጠርግ የነበረው በሽንፈቱ አዝኖ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እስከ ዛሬ አልጨረስነውም።

በየሳምንቱ ሽልማት ይዘው ይመጣሉ፤ አንዴ ብርድ ልብስ፣ አንዴ ካውያ፣ ሦስቴ ፔርሙስ። አንዱን ፔርሙስ ለኸይረዲን ሰጡት። «ለሻይ ቤት ፔርሙስ ማለት ለጎርፍ ባልዲ ውሃ ነው» ብሎ ሊመልሰው ሲል ዚነት ከእጁ ነጥቃ አስቀመጠችው።

ጋሼ እንዳለውን በየሳምንቱ ያንን ሁሉ መንገድ ያስኬዳቸው ግን ፔርሙስ አልነበረም። ስምንት ጊዜ በተከታታይ ላሸነፈ ሰው ውድድሩ ትልቅ ስጦታ አለው፤ አሸናፊው ለመረጠው ተቋም አንድ ሺህ መጽሐፍ ይላካል። ጋሼ እንዳለው በመጀመሪያው ቀን ቅጹ ላይ የሞሉት «የቆቦ ንባብ ቤት» ብለው ነበር። ሰባተኛውን ያሸነፉ ዕለት ወደ ባዶው ክፍል ሄደው መደርደሪያ የሚገጠምበትን ግድግዳ በክንዳቸው ሲለኩ አገኘኋቸው። ሰው ስላያቸው ተቆጡ። «ግድግዳው አለመንጋደዱን እያየሁ ነው» አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠቅመውበት አያውቁም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሲቸግረው አንድ ጊዜ ለወዳጁ መደወል ይችላል፤ ሠላሳ ሰከንድ ይሰጠዋል። አቅራቢዋ በየሳምንቱ «ማንን እንጥራልዎት?» ስትላቸው፣ «እኔ የማላውቀውን የሚያውቅ ሰው ካለ ስሙን ንገሪኝ» ይሏታል።

እዚህ ላይ ስለ ሰማዩ መናገር አለብኝ፤ ስለ እውነተኛው ሰማይ። ባለፈው ሐምሌ የኛ ቆላ ጎርፍ አላገኘም። የኛ ማሽላ የሚጠጣው እላዩ ላይ የዘነበውን ብቻ አይደለም። ደጋው ላይ ይዘንብና፣ ቆቦ ላይ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ውሃው በሆርማት ወንዝ እየደነፋ ይወርዳል። ገበሬው ከበላይ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው ይመራዋል፤ የጠጣው ማሳ ደግሞ ለታች ጎረቤቱ ይለቃል። ጋሼ እንዳለው ንባብ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ የሚተዳደሩት ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር ደጋሌት የሚባለውን የቆላችንን ማሽላ በሚያመርቱባት ትንሽ ማሳ ነው። ከእነሱ በታች ያለው ማሳ የኡበይድ ነው። ሐምሌ ተጋመሰ፣ ጎርፍ የለም። ቅጠሉ መጠቅለል ጀመረ። እኛ ምህላ ያዝን፤ እነ ኸይረዲን ዱዓ አደረጉ። በመጨረሻው ሳምንት ጋሼ እንዳለው አልሄድም ብለው ነበር።

«ቦዩን ማን ይጠብቃል? ጎርፉ ሰው ካላገኘ አልፎ ነው የሚሄደው» አሉ።

«እኔ እጠብቃለሁ» አሉ እትዬ አልማዝ። «ሂድ አንተ። ሰባት ጊዜ ሄደህ ስምንተኛውን ብትቀር እስከ ዕለተ ሞቴ ስለ እሱ ነው የምታወራልኝ።»

ሄዱ።

ያን እሑድ ከሰዓት ሻይ ቤቱ ውስጥ ቦታ ጠፍቶ በመስኮት የሚያዩ ነበሩ። ተፎካካሪያቸው ፈጣን ወጣት ሴት ነበረች፤ አንዱን እሳቸው፣ አንዱን እሷ እያሉ ተካከሉ። በሕጉ መሠረት ሲካከሉ የመጨረሻው ጥያቄ ለሻምፒዮኑ ነው፤ ከመለሰ አሸነፈ፣ ከሳተ ተሸነፈ። ልክ በዚያ ሰዓት፣ ማስታወቂያ ላይ እያሉ፣ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አልማዝ ነበሩ። ከድምፃቸው ይልቅ የሚሰማው የውሃ ድምፅ ነው።

«ገዛኸኝ! ወረደ! ገባ! ማሳው እየጠጣ ነው፤ ለኡበይድም ለቀቅንለት!»

ተነስቼ ጮህኩ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ጮኸ። ኸይረዲን «አልሐምዱሊላህ» እያለ ማማሰያውን ይዞ ቆመ፤ እኔ አማተብኩ። ውድድሩ ሲመለስ ገና አልተረጋጋንም ነበር።

አቅራቢዋ አነበበች፤ «ከፀሐይ ሥርዓታችን ፕላኔቶች መካከል በጎኑ እንደተጋደመ ሆኖ ፀሐይን የሚዞረው የትኛው ነው?»

ዩራነስ! የዘይቱ ጠብታ ያለበት ገጽ! ጋሼ እንዳለው ግን ቁልፉን አልተጫኑም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለው አየናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ተናገሩ።

«ለወዳጅ ይደወልልኝ። ቆቦ፤ ገዛኸኝ የሚባል ልብስ ሰፊ አለ። ይህ ነገር ያለበትን መጽሐፍ በመጨረሻ ያነበበው እሱ ነው።»

ስልኬ እጄ ላይ ጮኸ። ኸይረዲን የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ። «ሠላሳ ሰከንድ አላችሁ፤ ጀምሩ» አለች አቅራቢዋ በስልኩ ውስጥ።

«ሄሎ፣ ገዛኸኝ!»

«አቤት ጋሼ!»

«እንደምን ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎ እንደምን ዋሉ?»

«ይመስገነው። ቤተሰብ ደህና?»

«ደህና ነን! መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው። ኸይረዲንስ? ዚነትስ?»

ኸይረዲን ከትከሻዬ በላይ ተጠመዘዘ። «ደህና ነን ጋሼ እንዳለው፣ አልሐምዱሊላህ! ይጠይቁ! ይጠይቁ!»

«እሺ። አልማዝስ? ማሽላውስ?»

እዚህ ላይ «ይቆየን» ማለት ይቻል ነበር። ሌላ አገር ሰው ይለው ይሆናል። እኔ ግን ያደግኩት በዚያች በር ነው።

«ጎርፉ ወረደ ጋሼ! አሁን ደውለው ነገሩኝ! ማሳዎ እየጠጣ ነው!»

«ምን አልክ?»

«ጠጣ! እስከ ዳሩ ጠጣ!»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! የኡበይድስ?»

«ለሱም ደርሶታል!»

«እሰይ! እሰይ! በል ገዛኸኝ፣ ያ ካንተ ዘንድ የቀረው መጽሐፍ ላይ...»

ስልኩ ተቋረጠ። ሠላሳ ሰከንዱ አልቋል።

ድምፁን ስንከፍተው ጋሼ እንዳለው በአገር ፊት እየሳቁ እንባቸውን በነጩ ጃኬት እጅጌ ይጠርጋሉ። አቅራቢዋ ግራ ገብቷት «አቶ እንዳለው፣ ጥያቄውን ለምን አላስቀደሙም?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ሰዎቹ ደህና መሆናቸውን ሳላውቅ ፕላኔት ቢጋደም ቢቆም ምን ይሠራልኛል?»

«መልስዎስ?»

«ኔፕቱን ይሆን?»

«አዝናለሁ። ዩራነስ ነው።»

ጥያቄው ተሳስቷል እንዲሉ ጠበቅን። ሻይ ቤቱ በሙሉ ጠበቀ። ጋሼ እንዳለው ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ በሕይወታቸው ተናግረውት የማያውቁትን ተናገሩ፤ «አላውቅም ነበር።»

ከዚያ የፍርድ ቤት ውሎ የሚመስል ነገር ሆነ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ለምን ዩራነስ አላልክም?» «አልጠየቁኝማ!» «ስለ ማሽላው ማን ጠየቀህ?» «እሳቸው!» ያዳነኝ ኸይረዲን ነው። «እንግዲህ ተዉት፤ ሠላሳ ሰከንድ ለሰላምታ ይበቃል ያለው ማን ነው? ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ወሎን አያውቅም» አለ።

ሰኞ ማታ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ተቀበልናቸው። ብርድ ልብስ ይዘዋል። አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም፤ ስለ ጎርፉ ብቻ አስደግመው ጠየቁኝ። በሚቀጥለው እሑድ ግን በቦታቸው ተቀምጠው፣ ጥያቄው ሲጠየቅ ዝም አሉ። ሁለተኛውም ሲጠየቅ ዝም አሉ። ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው መለሱ። እንዴት ያለ አሰልቺ ውድድር እንደሆነ ያወቅነው ያን ቀን ነው። ዚነት፣ ያቺ በጆሮዋ ለመጠቀም የፈለገችው ሴት፣ ሻያቸውን ስታስቀምጥ ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ ይህን እኮ ያውቁታል» አለቻቸው። «አላወቅኩም ይሆናል» አሉ። አንጀቷ ቁርጥ አለ፤ የኔም።

ጌታ ግን በሩን በሌላ በኩል ይከፍታል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ የአውቶቡስ ረዳት በገመድ የታሰረ ካርቶን ከጣራው ላይ አውርዶ «ስለ ማሽላው የጠየቁት ሰውዬ የቱ ናቸው?» እያለ መናኸሪያውን ዞረ። ውስጡ ሠላሳ አንድ መጽሐፍ ነበር። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው የላኩት፤ «ስለ ፕላኔት ሳይሆን ስለ ጎረቤትዎ ማሳ ሲጠይቁ ሰማሁ፤ የንባብ ቤትዎን ስምም ያዝኩ» ይላል ደብዳቤው። በሳምንቱ ሁለት ካርቶን መጣ። ከዚያ ተፎካካሪያቸው የነበረችው ወጣት የራሷን ላከች። ሺህ አይደለም፤ አሁን ስጽፍ መቶ ሰማንያ ስድስት ነው፤ ከነዚህ ዘጠኙ አንድ ዓይነት የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ናቸው። ግን መጽሐፍ ናቸው። ግድግዳውም እንዳሉት አልተንጋደደም።

ንባብ ቤቱ በመስከረም ተከፈተ። እኔ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ መጽሐፉን ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ አወጣሁ። ከጂንስ ጨርቅ ሽፋን ሰፋሁለት። ዘይቱን ማስለቀቅ ግን አልቻልኩም። መጽሐፉን በብብቴ ይዤ፣ የምለውን በመንገድ እያጠናሁ ሄድኩ። በሩን ስከፍተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ጋሼ፣ ሰማይዎን መለስኩ!» አልኩ።

ቀና አሉ። በመነጽራቸው አናት አዩኝ። መጽሐፉንም አዩት፤ ዓይናቸው እዚያ ላይ ቆየ። ከዚያ ጣታቸው ቀስ ብሎ ተነሳና ወደ በሩ አመለከተ።

ወጣሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ደጅ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ከየትም ተባርሬ አላውቅም።

ገባሁ። እንደምን እንደዋሉ ጠየቅኳቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ቤተሰቤን ጠየቁኝ። እትዬ አልማዝን ጠየቅኳቸው። ማሽላው እሸት ይዟል አሉ፤ የኡበይድም እንዲሁ። ስፌቱን ጠየቁኝ፤ ዝናቡን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ኸይረዲንን። ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ ሃያ ጊዜ አልፎ ነበር። ሲያልቅ እጃቸውን ዘረጉ።

ሽፋኑን ዳሰሱት። ስፌቱን መረመሩ። ገጾቹን እየገለበጡ ዘይት የጠጣው ላይ ደረሱና ቆሙ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የስፌት መኪና ዘይት ነው ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ከጠብታው በታች ያለውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ በጎኑ ስለተጋደመው ፕላኔት። አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ደግመው አነበቡት። ከዚያ ተነስተው መጽሐፉን ከላይኛው መደርደሪያ መጀመሪያ ላይ አቆሙት፤ ከመቶ ሰማንያ ስድስቱ ሁሉ ፊት፣ ከድሮው ንባብ ቤት የተረፈውን ብቸኛውን መጽሐፍ።

«እንግዲህ ዩራነስ ነበር» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

ጋሼ እንዳለው ወደ እኔ ዞሩ። ትከሻቸው ቀና አለ።

«ይህማ የታወቀ ነው!» አሉ።